ብስክሌተኛ በላስታ ደጋ



ላሊበላ ሲነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ከዐለት የተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ወደዚያ ስለሚያደርሰው መንገድ ነው፤ ያውም መንገዱ በብስክሌት ለሚሄድ ሰው ስላለው ጠባይ። ብስክሌት የሚወዱ ተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልናልና፤ «ከሰፈራችን ርቀን ወደማናውቀው አገር ብንሄድ አብሮን የሚነዳ ጓድና የሚነዳበት መንገድ ከየት እናገኛለን?» ይሉናል።

ለአንዳንድ ከተማ መልሱ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው በኪጋሊ ብስክሌተኛ ፈልጎ ማጣት አይታሰብም። በአገራችንም መቀሌ የብስክሌት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የተገኘው ከዚያ ነው። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አንዳንድ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ሲለቀቅ፣ ብስክሌት ይዞ የወጣ ሁሉ ከሌላው ጋር ይተዋወቅ ነበር። ደግሞም ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን፣ ከሯጮቹ ጋር የብስክሌት ቡድንም ልካ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል። ሯጮቻችን ይህን ታሪክ ጋርደውት ቀሩ እንጂ!

ላስታ ግን ሌላ ነው። «የብስክሌት ክለብ» የሚል ሰሌዳ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጓድ የሚገኘው በመጠየቅ ነው፤ ጥያቄውም የሚጀምረው ከጎሚስታ ቤት ነው። (ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ከመነዳሪ... የብስክሌት ቋንቋችን ግማሹ ከጣሊያን የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።) ከጦርነቱ በፊት፣ በጥቅምት 2012 ዓ.ም፣ ሦስት መምህራን ሆነን ወልድያ ስንደርስ ከማረፊያ ቤት በፊት የጠየቅነው ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነበር። ጠጋኙ የከተማውን ብስክሌተኛ ሁሉ በጎማው ያውቀዋል። ማን ረጅም መንገድ እንደሚሄድ፣ ማን ጧት ጧት እንደሚወጣ፣ ማን ወሬ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ለዙህር መስጂድ ስንገባ ደግሞ ሌላ በር ተከፈተልን። ከሶላት በኋላ ከጎናችን የነበረው ሰው ከየት እንደመጣን ጠየቀ፤ የእኅቱ ልጅ በብስክሌት ዕቃ የሚያመላልስ ኖሮ ማታውን ላከልን። ሦስተኛው በር የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ይህንንም የምንለው መምህራን ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ወጣቱን ሁሉ በስም የሚያውቅ ሰው እርሱ ነው።

አምስት ሆነን ከመነሳታችን በፊት ከመካከላችን አንዱን አሚር አደረግን። በመድረሳ ስንማር፣ ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን መሪ እንዲያደርጉ የሚያዘውን ሐዲስ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ጥቅሙን ያየነው ግን ዳገት ላይ ነው። ጉልበት ያለው ወጣት ወደ ፊት ይሮጣል፣ ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል፣ መካከላቸው ላይ የጭነት መኪና ይገባል። አሚራችን ከሁላችን የደከመውን ከፊት አድርጎ እርሱ ራሱ ከኋላ ሆነ። በዚህ ምክንያት ማንም አልጠፋም።

መንገዱ ከወልድያ በሳንቃና በድልብ አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት በመሆኑ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ግድም ናት፤ ደጋው ደግሞ ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋል። በዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው ወልድያ ላይ አንድ ሁለት ቀን አድሮ ቢነሳ ይሻለዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት ከያዘው ጀግንነት አያስፈልግም። ዳገቱን ስንገፋ በመንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ አዛውንት «አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ!» አሉን። በወሎ ይህችን ቃል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላታል። አዛውንቱ የትኛው እንደሆኑ አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም።

ከወልድያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲኬድ ጋሸና ይደረሳል። ከዚያ ቻይና መንገዱን ትቶ ወደ ሰሜን መታጠፍ ነው፤ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል። እዚህ ላይ ለሙስሊም መንገደኛ የምትጠቅም ነገር እንንገር። ላስታና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ቂብላው ወደ ሰሜን፣ በጣም በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው በጠቅላላው ወደ ቂብላ ፊቱን አዙሮ ይነዳል ማለት ነው። ዐስርን በገብስ ማሳ ዳር ስንሰግድ ኮምፓስ ማውጣት አላስፈለገንም። የውዱእ ውኃው ግን በረዶ ነው!

ስለ ምግብም ብዙዎች ይጨነቃሉ። በዚህ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ አለመብላቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይቀየምበትም። ሽሮ፣ ምስርና ዳቦ በቆሎ በሌለበትም አይጠፋም፤ ረቡዕና ዓርብ በሚጾምበት ሰሞን ደግሞ የጾም ምግብ በየቤቱ አለ። በገና ሰሞን ግን ላሊበላ በምእመናንና በጎብኚ ስለምትሞላ አልጋ ማግኘት ይቸግራል፤ መንገዱም በመኪናና በእግረኛ ይጨናነቃል። ብስክሌተኛ ሌላ ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል። ሐምሌና ነሐሴም ዝናብና ጭጋግ ናቸው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ መሬቱ አረንጓዴ፣ ሰማዩ የጠራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ እርሱም ድንጋይ ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች በብስክሌት የተጓዙ የውጭ አገር ሰዎች ሲመለሱ ስለ አገሩ ውበት ይናገራሉ፤ አስከትለውም ሕፃናት ድንጋይ እንደወረወሩባቸው ይናገራሉ። ይህን መስማት ያሳፍራል። በእኛም ላይ በአንድ ጥምዝ ላይ አንዲት ድንጋይ ከጎማችን አጠገብ አረፈች። ከብስክሌት የወረደው አሚራችን ነበር። አልተቆጣም፤ «እንደምን ዋላችሁ? ስንተኛ ክፍል ናችሁ?» አለ። ሁለቱ እረኞች ነበሩ፣ አንዱ አራተኛ ክፍል። ወዲያው ብስክሌቱን መግፋት ጀመሩ፤ ቁልቁለቱ እስኪጀምር ድረስም ሸኙን።

ልጆቹ ክፉ ናቸው ብለን አናምንም። ከመኪና መስኮት ከረሜላና እስክሪብቶ የሚወረውር ጎብኚ ለብዙ ዓመታት ያስተማራቸው ነገር አለ፤ ፈረንጅ ካለፈ የሚሰጥ ነገር አለ፣ ካልሰጠ ደግሞ በድሎናል ማለት ነው ብለው ይቆጥራሉ። ብስክሌት ደግሞ መስኮት የለውም፣ ፍጥነቱም ለወንጭፍ የተመቸ ነው። ቢሆንም በቁልቁለት ላይ በሰዓት አርባና ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ግንባሩን በድንጋይ ቢመታ ሊሞት ይችላል። ይህን ለልጅ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ከእኛ ከመምህራን፣ ከወላጅ፣ ከሸህም ሆነ ከቄስ። ከመንገድ ላይ ሰውን የሚያስቸግር ነገር ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ መሆኑን የቁርኣን ቤት ሕፃን ሁሉ ይማረዋል። በመንገደኛ ላይ ስለሚወረወረው ድንጋይ ሲሆን ግን ለምን ዝም እንደምንል አይገባንም። ለብስክሌተኛውም የምንለው አለን፦ ሰላምታ ይቅደም፤ ልጆች ሲታዩ ፍጥነት ይቀነስ፤ ምንም አይታደል። መስጠት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ።

እኅቶችም ይጠይቁናል። በተሸፈነ ካቴና፣ መሃል ብረቱ ዝቅ ባለ ብስክሌትና በሰፊ ሱሪ ላይ በተደረበ ልብስ መንዳት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ረጅም ዳገት ከቤተሰብ ጋር፣ ወይም ከኋላ መኪና ተከትሎ ቢሆን ይመረጣል።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ሰላም ላለበት ጊዜ ነው። ላሊበላ በሐምሌ 2013 ዓ.ም መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች ተይዛ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተካሄደው ግጭትም እነዚህን መንገዶች ደጋግሞ ዘግቷቸዋል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዚያው ዕለት ከዚያው ከመጣ ሹፌር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያለፈው ሳምንት ወሬ አይበቃም። «አይ፣ ይቅር» ካለ ይቅር። ብስክሌት የትም አይሄድም።

ሰላም ሆኖ ለሚሄድ የመጨረሻው ክፍል ይህ ነው። ከጋሸና መንገዱ ወደ ተከዜ ተፋሰስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል። ፍሬን በተከታታይ ከተያዘ ይግላል፤ ስለዚህ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ በየመካከሉም ቆም እያሉ መውረድ ነው። ቀጭን ጎማ ያለው ሰው የመንገዱን ሁኔታ ጋሸና ላይ ይጠይቅ፤ በአንድ ክረምት ይለወጣልና። ታች አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ሲደረስ ከፍታው ከሁለት ሺህ ሜትር በታች ነው፤ ይሞቃል። ከዚያ እስከ ከተማዋ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ እንደገና ዳገት ነው፤ አምስት መቶ ሜትር ያህል ያስወጣል። ብዙ ሰው ደረስኩ ብሎ ውኃውን የሚጨርሰው እዚህ ነው። ሁለት ሊትር ለዚህ ዳገት ብቻ ይቀመጥ። ሲመለሱ በአውቶቡስ ለሚመጡም፣ ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ከመጫኑ በፊት ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ይነጋገሩ፤ ፔዳሉንም ይፍቱት።