ዋናው ቧንቧ ካለፈ በኋላ

በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል የምንመላለስ ነጋዴዎች ከሸቀጥ ዋጋ ቀጥሎ አዘውትረን የምናወራው ስለ ውሃ ነው። ሐሩሩን የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ከሐዳጋላ ተነስቶ ድንበር የሚሻገረውን የውሃ መስመር ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ነው። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ፣ 102 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ አሊ ሳቢህን፣ ዲኪልን፣ አርታንና ዋና ከተማዋን እንዲያጠጣ ነው የተሠራው። በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የታቀደለት መጠን በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነበር። በእኛ መለኪያ 5 ሚሊዮን ጄሪካን ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውሃውን ለ30 ዓመት በነፃ ሰጥታለች፤ ቧንቧው ግን የተዘረጋው ከቻይና በተገኘ ብድር ነው። ውሃ በነፃ ቢገኝ እንኳ ማድረሱ በነፃ አይሆንም።

በየገጠሩ ሰው የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዋና መስመር በአጠገባችን ካለፈ ለምን በስተን አንጠጣም?» እንዲህ ዓይነት መስመር በየቦታው ከተበሳ ግፊቱ ይወርዳልና ከታች ያለው ከተማ ይጠማል። ቅርንጫፍ ለማውጣት ግፊት መቀነሻ፣ መዝጊያ ቫልቭ፣ ቆጣሪና ማጠራቀሚያ ታንከር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው ብዙ መንደር ያስቀሩት።

እኛ ፍየል የምንገዛባት አንዲት የገበያ መንደርም ቀርታ ነበር። ሰዉ ከቦቴ በጄሪካን እየገዛ ይኖራል፤ ቦቴው የዘገየ ቀን ልጃገረዶቹ ትምህርት ቤት አይታዩም። በአቅራቢያዋ ካለች ከተማ መስመር 3 ኪሎ ሜትር ለመቀጠል እኛ ለቱቦው ገንዘብ አዋጣን፣ ነዋሪው ቦዩን ቆፈረ፣ ባለሙያ መጥቶ ገጠመው። ቱቦው ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ካገኘው አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ ድንጋዩ ቢያስቸግርም አንድ ሜትር ያህል ጠልቆ ተቀበረ።

ከቁፋሮው ይልቅ የከበደው የክፍያው ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ «የአላህ ውሃ እንዴት ይሸጣል?» አሉ። ብዙው ሰው ደገፋቸው። ሁላችንም ከእጇ ሻይ የጠጣንላት እናት ግን ተነሥታ «ውሃውንስ አላህ ሰጠን፤ ቧንቧው ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ለቦቴ ስንከፍል ኖረን የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከረጅም ክርክር በኋላ በጄሪካን ሳንቲም እንዲከፈል፣ አቅም የሌላቸው አረጋውያን በነፃ እንዲቀዱ፣ ለግመልና ለፍየል ከቦኖው ራቅ ብሎ ገንዳ እንዲሠራ ተስማሙ። ሁለት ሴቶች ቁልፉን ያዙ፤ ሒሳቡም በየወሩ በሽማግሌዎቹ ፊት ይነበባል። ቫልቭ በተሰበረ ጊዜ ልመና ሳይወጡ ከሣጥኑ ገዝተው ቀየሩት።

ንጹሕ ውሃ ሲገባ ቆሻሻው ውሃ የት ይሂድ የሚለውም አብሮ መታሰብ አለበት። በገጠር የፍሳሽ መስመር የለም፤ አዲስ አበባ እንኳ ብዙው ቤት በጉድጓድ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ከቦኖው ሥር ሲሚንቶ ተለስኖ፣ የሚፈሰው ውሃ በቦይ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ እንዲሄድ ተደረገ። በቤት ውስጥ ያለው በርሜልም መከደን አለበት። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ጅቡቲ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ታየች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች። ቧንቧ በመጣ ማግስት ውሃው እየተቆራረጠ ሰው በርሜል የሚያበዛ ከሆነ ሌላ በሽታ እንጠራለን።

ለገጠር በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 150 ሊትር ይሆናል። እኛ ጭነት የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ይህ በየቀኑ አንድ ኩንታል ተኩል መሸከም ማለት ነው፣ ያውም በሴት ልጅ ጀርባ።

አሁን የቀረው ትምህርት ቤቱ ነው። ከቦኖው 800 ሜትር ይርቃል፤ መጸዳጃ ቤት አለው፣ እጅ መታጠቢያ ውሃ ግን የለውም። ነዋሪው ለመቆፈር ዝግጁ መሆኑን ነግሮናል። በዚህ መስመር የምትመላለሱ ወንድሞችና እህቶች፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ እንገናኝ፤ የቱቦውን ዋጋ ጠይቀን ይዘን እንመጣለን።