ስኳርን የሚጎትተው ሶዲየም

የጤነኛ ሰው ኩላሊት በየቀኑ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል፤ 180 ግራም የሚጠጋ ግሉኮስም አብሮ ይወርዳል። ሽንቱ ውስጥ ግን ስኳር የለም ማለት ይቻላል። ከማጣሪያው ቀጥሎ ያለው ቀጭን ቱቦ ሴሎች አንድ በአንድ ለቅመው ወደ ደም መልሰውታል።

ግሉኮስ የሴሉን የቅባት ሽፋን በራሱ አያልፍም፤ አስገቢ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ፕሮቲኑም ያለ ሶዲየም አይሠራም። በሴሉ ጀርባ፣ ወደ ደም በዞረው ገጽ፣ ጉልበት እየበላ የሚሠራ ፓምፕ አለ፤ በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ሴሉ ውስጥ ሶዲየም ስለሚያንስ ከቱቦው ያለው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ግሉኮስንም ይዞት ይገባል። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሮበርት ክሬን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ ሲያቀርብ የተናገረው ስለ አንጀት ነበር። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚጠጣው ኦአርኤስ ስኳርና ጨው አንድ ላይ የያዘውም ለዚሁ ነው።

አሚኖ አሲዶችም እንደየዓይነታቸው አስገቢ አላቸው። አንደኛው በዘር ጉድለት ሲበላሽ አራት አሚኖ አሲዶች ሽንት ውስጥ ይቀራሉ። ሦስቱ በቀላሉ ስለሚሟሟ ችግር አያመጡም፤ ሲስቲን ግን ይረጋና ጠጠር ይሆናል።

ከፖም ዛፍ ሥር ልጣጭ እ.ኤ.አ. በ1835 የወጣው ፍሎሪዚን የስኳሩን አስገቢ ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሜሪንግ እ.ኤ.አ. በ1886 ለውሾች ሲሰጣቸው ሽንታቸው ስኳር ሞላው። ፍሎሪዚን የአንጀቱንም አስገቢ ስለሚዘጋ መድኃኒት መሆን አልቻለም፤ ኬሚስቶች የኩላሊቱን ብቻ ለይተው የሚዘጉ ዘመዶቹን ሠሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ ዳፓግሊፍሎዚን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለስኳር በሽታ አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ስኳርን በሽንት ማፍሰስ ያስፈራ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ አስገቢ ከልደት ጀምሮ የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ፣ አብዛኞቹም ዕድሜ ልካቸውን ስኳር እየሸኑ በጤና ይኖራሉ።

የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የታየው ነው፦ መድኃኒቱ የስኳር በሽታ የሌለባቸውን የኩላሊት ሕመምተኞች ሳይቀር ረዳ። ኩላሊትን የሚጠብቅበት አንዱ መንገድ በሶዲየም በኩል ነው። የስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት ብዙ ስኳር ሲመልስ ብዙ ሶዲየምም አብሮ ይመልሳል። ቱቦው ወደ ታች ሲወርድ ሶዲየም የሚለካ የሴሎች ስብስብ አለ፤ የሚደርሰው ሲያንስበት ወደ ማጣሪያው የሚገባውን የደም ሥር ያሰፋዋል፣ ግፊቱም ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። አስገቢው ሲዘጋ ሶዲየሙ ወደዚያ ይደርሳል፣ የደም ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱም ይቀንሳል።