ሃያ ሰው የሚቀዳበት ምንጭ

የፈተና ውጤት ቀን የሚመጣ ሕዝብ ድንገተኛ አይባልም። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ተፈታኞቹ ወደ 900 ሺህ ይጠጉ ነበር፤ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ። እናት፣ ወንድምና ጎረቤት ሲጨመር በዚያች ሰዓት ስንት ሰው ስልኩን እንደሚከፍት አስቡት።

እኔ ከሌላ ሰው ተረክቤ የማስተዳድረው ድረ ገጽ ትንሽ ነው። ሰቆጣና አካባቢዋ ላሉ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት የደረሳቸውን ስም ያወጣል። የሚኖረው ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ነው፤ ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት የኪራይ ቤት በሉት። ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ሊንኩ በቴሌግራም ይዞራል፤ ወዲያው "508" የሚል ገጽ ይመጣል። ድርሻህን ጨርሰሃል ማለት ነው።

እንደ ደጋ ምንጭ ነው ነገሩ። እንዲህ ያለ አካውንት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ብዙውን ጊዜ 20 ጥያቄ አካባቢ ነው። እያንዳንዱ በግማሽ ሰከንድ ቀድቶ ከሄደ በሰከንድ ለ40 ሰው ይደርሳል። 5 ሰከንድ ከቆየ ግን ለ4 ብቻ።

ወረፋው ለሁሉም እኩል ይመስላል። አይደለም። አዲስ አበባ ዋይፋይ ላይ ያለው አሥር ጊዜ ሪፍሬሽ አድርጎ አንዱ ይሳካለታል። ዋግ ኽምራ ውስጥ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የወጣችው ልጅ ግን በቆጠበችው ዳታ አንዴ ትሞክራለች፤ ገጹ ግማሽ ላይ ይቆረጣል። ስሟ ዝርዝሩ ላይ ኖሮ ሳታየው ምዝገባው ሊያልፋት ይችላል።

"ትልቅ ሰርቨር ግዛ" ይሉኛል ጓደኞቼ። በዓመት ለሁለት ቀን ግርግር ዓመቱን ሙሉ በዶላር? ደግሞም አያስፈልግም። አንዴ የወጣ ስም ዝርዝር አይለወጥም፤ ታዲያ ዳታቤዙን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ምን አስጠየቀው? አስቀድሜ ተራ ኤችቲኤምኤል ፋይል አደርገዋለሁ። ፎቶውንና ጌጡን አውጥቼ ከ30 ኪሎባይት በታች አወርደዋለሁ። ቅጂውን ነጻ ሲዲኤን ላይ አስቀምጣለሁ፤ አብዛኛው ሰው ሰርቨሬን ሳይነካ አንብቦ ይወጣል። ያው ዝርዝር በቴሌግራም እንደ ጽሑፍ ይላካል፤ ታትሞም ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

አዲስ ገጽ በሠራሁ ቁጥር "ስንት ሺህ ሰው ይችላል?" ብዬ አልጀምርም። ኮረብታ ላይ ያለችው ልጅ በአንድ ሙከራ ታገኘዋለች ወይ? ይህ ከተመለሰ ሺዎቹም ይስተናገዳሉ።