ትኩሳቱ የማን ነው?

ርካሽ ቴስተር ካላችሁ እስቲ ፊቱን አንዴ እዩት። «10A» የሚል ቀዳዳ አጠገብ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ቢበዛ 10 ሰከንድ፣ በየ15 ደቂቃው። ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ሥራ ስለምድ ይቺን ጽሑፍ በቀን ሃያ ጊዜ አያት ነበር። አንብቤያት ግን አላውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ከጉና በኩል የመጡ አባት ኢንቨርተርና የሶላር ባትሪ ይዘው ገቡ። «ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል» አሉኝ። «በግ ሽጬ ነው የገዛሁት።»

ቴስተሩን በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል አስገብቼ ቴሌቪዥን አበራሁ። 8.1 አምፒር። ገመዱን ሳልነቅል ወሬ ጀመርን። ትንሽ ቆይቶ 8.6 አለ፣ ከዚያ 9.2። እኔም እንደ ዶክተር ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «አባባ፣ ኢንቨርተሩ ውስጡ ተበላሽቷል፤ ከሚገባው በላይ እየሳበ ነው። ሌላ መግዛት ሳይሻልዎት አይቀርም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሌላ በግ እየቆጠሩ ነበር መሰለኝ።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ከውጭ ሲገባ ቁጥሩን እንኳ አላየም። መዳፉን የቴስተሩ ጀርባ ላይ አሳረፈ።

«ትኩሳቱ የማን ነው? የበሽተኛው ነው የቴርሞሜትሩ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ10 አምፒር ቀዳዳ የሚገባው ከረንት የሚያልፈው በአንዲት አጭር ወፍራም ሽቦ ነው። ተቃውሞዋ 0.01 ኦም ገደማ ነው። በ10 አምፒር 1 ዋት ሙቀት ታወጣለች፤ ከረንቱ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 1 ዋት ምንም አይመስልም፤ በተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ግን መውጫ የለውም። ሽቦዋና ብየዳዋ ሲግሉ ተቃውሟቸው ይጨምራል። ቴስተሩ ደግሞ ከረንቱን የሚያሰላው ሽቦዋ ላይ ካለው ቮልቴጅ ስለሆነ ያልነበረ አምፒር ያነብላችኋል። በ15 ደቂቃ ውስጥ 10 ሰከንድ ብቻ ከሠራች ግን ሥራዋ ከጊዜው አንድ ዘጠናኛ ነው፤ 1 ዋቱ በአማካይ 11 ሚሊዋት ይሆናል።

እናቴ ቡና ስታፈላ ፍም በጣቷ አንስታ ማጨሻው ላይ ታስቀምጣለች። አትቃጠልም፤ ሙቀቱ ቆዳዋን ዘልቆ ሳይገባ ለቃዋለች። የትራንዚስተር መረጃ ወረቀት ላይ ከታች «300 ማይክሮሰከንድ፣ 2 በመቶ» የሚል ማስታወሻ ስታዩ ነገሩ ያው የእናቴ ጣት ነው። ከፍተኛ ከረንት የሚለካው በሰከንድ ሦስት አስር ሺኛ ምት ነው፤ ከመቶው ጊዜ ከሁለቱ በላይ አይበራም። ያለዚያ የምትለኩት ትራንዚስተሩን ሳይሆን ሙቀቱን ነው። ውድ መሣሪያዎች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። የእኛ ቴስተር ግን ለሰውየው ጨዋነት ነው የተተወው።

ደግሞ ጃኬት ለብሰን በምንሠራበት ሱቅ ዕቃ ይግላል ብሎ ማን ያስባል? ከተማችን ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቬንትሌተር ያለው መሣሪያ እዚህም ያንኑ መጠን አየር ይነፋል፤ አየሩ ቀላል ስለሆነ ግን ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዱ የተወሰነውን ያካክሳል፣ ሁሉንም አይደለም። የብዙ መለኪያዎች መመሪያም «እስከ 2,000 ሜትር» ይላል (አንዱ ምክንያት ሙቀት ሳይሆን የኤሌክትሪክ መከላከያው ነው፤ ስስ አየር ብልጭታ ያሳልፋል)።

ጋሼ ገመዱን ነቀለና ቡና አዘዘ። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከዚያ ሰካ፣ አነበበ፣ ነቀለ፦ 8.1። የባትሪውን ክዳኖች ሲከፍት ውስጡ ደርቋል። ዲስቲልድ ውሃ ጨምሮ ቻርጅ ላይ አዋለው፤ የውሃውን ብቻ ተቀበላቸው።

በሚቀጥለው ገበያ አባባ መጡ። «እስከ ሦስት ተኩል ያደርሰኛል» አሉ። ያመጡትን እንቁላል ለጋሼ ሰጡና እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ቴስተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።