የሁለቱ መርፌዎች ንባብና ትርጓሜ

በቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ባለፈው እሑድ ማታ ደውሎ፥ የእናታችንን ጤንነትና የዘንድሮውን ዝናብ ሁኔታ እንደ ልማዱ ጠይቆ ካዳረሰ በኋላ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድም ጋሼ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህና እንዳትሥቅብኝ» አለኝ። ከተማሪነቱ ዘመን ጀምሮ ሲመኛት የኖረችውን፥ ከሁለት ሰው በላይ የማትጭነውን፥ ጣሪያዋም እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን የማዝዳ የስፖርት መኪና፥ ያውም በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራችውን፥ በብዙ ቁጠባ ገዝቶ ኖሯል፤ አሁን ግን ሞተሯ ከሞቀ በኋላ በትራፊክ መብራት ፊት በቆመች ቁጥር የዘይት ግፊቱ መርፌ እየወረደ እንቅልፍ ነሥቶታል።

ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ ራሱ ያሥቃል፤ ዳንግላ ላይ የምነዳት አሮጌ ቪትስ እንኳንስ የዘይት ግፊት መርፌ የውሃ ሙቀት መርፌም የላትምና፤ ሞተሯ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፥ ሲግል ቀይ መብራት ከማብራት በቀር ሌላ ቋንቋ አልተሰጣትም። ይሁን እንጂ ወንድሜ ያልረሳው ነገር አለ፤ እኔ በጉብዝናዬ ወራት፥ ሾፌሮች «ኤንትሬ» በሚሉት የፊያት ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኜ፥ የአባይን በረሃ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ።

ባደግንበት አገር አንድ ልጅ ከፊደል ወጥቶ ዳዊት ሲደግም የወላጆቹ ደስታ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ንባቡን አጥርቶ የሚያወርድ ሁሉ ትርጓሜውን ያውቃል ማለት እንዳልሆነ፥ የትርጓሜው መምህር አንዲቱን ቃል ይዞ «አንድም፥ አንድም» እያለ ምሥጢሯን ሲያመሰጥር የሰማ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ወንድሜም መርፌውን በደንብ አንብቦታል፤ የቀረው ትርጓሜው ነበር።

የዘይት ግፊት የዘይት ብዛት አይደለም፤ ብዛቱን የሚናገረው ከሞተሩ ጎን የሚመዘዘው ዘንግ ነው። ግፊት የሚወለደው ፓምፑ የሚገፋው ዘይት በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ባለው፥ ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ውስጥ ለማለፍ ሲታገል ነው፤ እንግዲህ ዘይቱ በጠዋት ብርድ እንደ ማር ወፍሮ ሳለ መርፌው ከፍ ይላል፥ ሲሞቅና ሲቀጥን ይወርዳል፥ ፓምፑንም የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነውና ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ከሁሉ ይልቅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ያን መውረድ እንደ መምህራኑ ልማድ ብንፈታው፥ አንድም ዘይቱ ሞቋል፥ ሞተሩም በሚኒሞ ላይ ነው፥ ይህም ጠባዩ ነው፤ አንድም ለሞተሩ የማይስማማ ቀጭን ዘይት ተሞልቷል፤ አንድም ብሮንዚኑ በብዙ ዘመን አገልግሎት ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል፥ ይህም ሳይውል ሳያድር ጋራዥ የሚያስገባ ነው፤ አንድም ዘይቱ አንሶ፥ በመጠምዘዣ ላይ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አንድም ወሬውን የሚያቀብለው ሽቦ ሐሰተኛ ምስክር ሆኗል።

ከእነዚህ መካከል እውነተኛውን ለመለየት ብዙ ሊቅነት አያስፈልግም። «ነዳጅ ስትሰጣት መርፌው ይነሣል?» አልሁት። «ወዲያው ይነሣል፤ 3,000 ዙር ላይ ከ30 ያልፋል» አለኝ። በየ1,000 ዙሩ ቢያንስ 10 ፓውንድ በካሬ ኢንች መኖር አለበት የሚል የቆየ የሾፌሮች ሕግ አለና «እንግዲያስ ተኛ» አልሁት። በመጠምዘዣ ላይ ቢሆን ኖሮ፥ ወይም በሙሉ ጉዞ ላይ ሳለ መርፌው ቢወድቅ ኖሮ፥ ተኛ አልለውም ነበር፤ ያን ጊዜ ሞተር እስኪነክስ ድረስ ያለው ዕድሜ የሚቈጠረው በሴኮንዶች ነው።

ስለ መርፌ እውነተኝነት ከተነሣ ዘንድ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። በኤንትሬው ላይ የነበረው የዘይት መለኪያ ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 እ.ኤ.አ. ባወጣው ብልሃት የተሠራ ነበር፤ ይኸውም እንደ ማጭድ የተቆለመመ የነሐስ ቱቦ ግፊት ሲገባበት ሊቃና ይጥራል፥ በመቃናቱም መርፌውን ይጐትታል፤ ዛሬም በእንጅባራ ጎሚስታዎች ኮምፕሬሰር ላይ የሚታየው እርሱ ነው። ያ መርፌ ይዋዥቃል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ግን አይዋሽም። የወንድሜም መኪና እውነተኛ መለኪያ ካላቸው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናት፤ ማዝዳ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በዚያችው መኪና ላይ ግፊቱ ከጥቂት ፓውንድ በላይ እስከ ሆነ ድረስ መካከል ላይ ተተክሎ የሚቀር መርፌ አደረገባት፤ መልኩ መለኪያ፥ ግብሩ ግን የመብራት ማብሪያ የሆነ። ምክንያቱን ለመገመት ወንድሜን ማየት ይበቃል። በብዙ የዛሬ መኪኖች የሙቀቱም መርፌ እንዲሁ ነው፤ ውሃው በብዙ ዲግሪ ቢለዋወጥም መካከሉን አይለቅም፥ ሲነሣ ግን በአንድ ጊዜ ይነሣል። የሾፌሩን ልብ ለማሳረፍ ሲባል ምስክሩን ዝም ማሰኘት ለእኔ ከርኅራኄ አይቈጠርም።

ወንድሜን ስለ ሙቀት ብዙ አላስቸገርሁትም፤ እርሱ የሚኖረው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ባላለ ቈላ ነው። የኛ ነገር ግን ሌላ ነው። እንጅባራ፥ የጥንቷ ኮሶበር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ታልፋለች፤ ውሃ በዚያ ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ነው፥ ዳንግላም ዝቅ ትበል እንጂ ከ93 ብዙ አትርቅም። የእንጅባራ እናቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ ባቄላው አልበስል ብሎ ማገዶ ሲፈጅባቸው የሚፈላው ውሃ በበቂ አለመጋሉ ነው። አሁን የሞተሩን ቴርሞስታት እናስብ፤ ይህ በር ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው። ስለዚህ ደህናው የሞተር ሙቀትና የእንጅባራ ውሃ መፍያ ጐን ለጐን ናቸው፥ በመካከላቸው ቆሞ የሚያስታርቃቸውም የራዲያተሩ ክዳን ብቻ ነው። ደህና ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት አምቆ ይይዛል፥ በዚህም መፍያውን በእንጅባራ ወደ 114 ዲግሪ ግድም ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣናል። ሰው ክዳንን የውሃ መክደኛ ብቻ አድርጎ ይገምታል፤ ከየትም የተገኘውን ይገጥማል፥ ጨርቅ የሚጠቀልልበትም አለ።

ከባዱ ፈተና የአባይ በረሃ ነበር፤ ከደጀን ወርደን፥ 1,000 ሜትር ግድም ከሆነው ወንዝ ተነሥተን፥ በሁለተኛ ማርሽ ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ አየሩ ይግላል፥ ጭነቱ ይከብዳል፥ ፍጥነቱ ዝግ ስለሚል በራዲያተሩ የሚያልፍ ነፋስ የለም። ሾፌሬ በዚያ ዳገት ላይ ሁለቱን መርፌዎች አይነጣጥላቸውም ነበር። ሙቀቱ ሲወጣ ዘይቱ ይቀጥናል፥ ዘይቱ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዱ የሌላው ምክንያት ነውና። ቁጥር ሲጠራ አልሰማሁትም፤ «ዛሬ ከትናንቱ አንድ ጣት አልፏል» ይልና ዳር ይዞ ይቆማል፥ ሞተሩን ግን አያጠፋም፤ ኮፈኑን አስከፍቶኝ በሚኒሞ እያዞረ ያበርደዋል። ውሃ ላፍስስ ብዬ ጀሪካን ሳነሣ፥ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ቴስታታው እንደ ሸክላ እንደሚሰነጠቅ የነገረኝ በእጄ ላይ በመምታት ነው። የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን ለበዓላቸው እንጅባራ ላይ ሲሰለፉ አይቼ፥ አንዱ ከግልቢያ መልስ ሙቀቱን ለማወቅ መዳፉን በፈረሱ አንገት ሥር ሲያስገባ ያን ሾፌር አስታወሰኝ።

ትናንት ከእንጅባራ ስመለስ፥ ድንች የጫነ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ ከኮፈኑ እንፋሎት ሲወጣ አየሁና ወረድሁ። ረዳቱ፥ ለግላጋ ልጅ፥ በጨርቅ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሰዷል። «ተው ልጄ፥ ይጠብስሃል» አልሁት። «ኧረ ጋሼ፥ ሙቀቱ እኮ ወርዷል፤ ይዩት መርፌውን» አለኝ። ሄጄ አየሁት፤ እውነትም መርፌው ከመካከል በታች ነበር። ልጁን ከክዳኑ አርቄ፥ ሾፌሩም ግማሽ ሰዓት እንዲታገሥ ለምኜ፥ መርፌውን በስልኬ አነሣሁና «ሞተሩ ይጨሳል» ከሚል ቃል ጋር ወደ ቨርጂኒያ ላክሁት።

ወንድሜ መጀመሪያ «ቀዝቅዟላ» ብሎ ጻፈ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስልኬ እንደ ገና ጮኸ፦ «አንድም ውሃው አልቆ፥ የሙቀት ላኪው ባዶ ላይ ቀርቷል?»