ስለ እናታችን ጉልበትና ስለ አይቡፕሮፌን

አረጋዊ ወላጅ የሚጦር ሰው ሁሉ ይጠቀምበት ይሆናል ብለን፣ በቤታችን የደረሰውን በአጭሩ ለመጻፍ ወደድን።

እናታችን ጉልበታቸውን ባመማቸው ጊዜ፣ 400 ሚሊግራም የሆነውን የአይቡፕሮፌን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋራ እንዲውጡ ታዘዘላቸው። ወራቱም ዐቢይ ጾም ነበርና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ስለ ሆኑ፣ ሦስቱንም ፍሬ ባንድ ጊዜ በባዶ ሆዳቸው ይውጡት ኖሯል። እኛም ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አይተን ደስ ከመሰኘት በቀር፣ አወሳሰዳቸውን አልጠየቅንም። በሦስተኛው ሳምንት ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ራሳቸውን አዙሯቸው ወደቁ። ሐኪም ቤት በወሰድናቸው ጊዜ ጨጓራቸው ቈስሎ ሲደማ ተገኘ።

ይህን መድኃኒት በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ያገኙት ስቲዋርት አዳምስና ጆን ኒኮልሰን ናቸው። ፍለጋቸውም ከአስፕሪን ይልቅ ለሆድ የሚለዝብ ማስታገሻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 በዚያው አገር መሸጥ ጀመረ። አንዱ ሞለኪውል 13 የካርቦን፣ 18 የሃይድሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። የእነዚህን ማስታገሻዎች አሠራር ግን በ1971 ጆን ቬን ገለጠው፤ በ1982ም ከሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት በታመመው ስፍራ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ይሠራል፤ እብጠትንና ሕመምን የሚያበረታው እርሱ ነው። መድኃኒቱም ይህን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግደዋል። ዳሩ ግን ያው ፕሮስታግላንዲን ጨጓራን ከአሲድ የሚጠብቅ፣ ለኩላሊትም ደም በደንብ እንዲደርስ የሚረዳ ዘበኛ ነው። መድኃኒቱ የጉልበቱን ከጨጓራው አይለይም።

ሐኪሙም ጥፋቱ የባዶ ሆድ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳን። ዕድሜ ሲገፋ፣ መጠኑ ሲበዛ፣ ቀኑም ሲረዝም አደጋው ይጨምራል፤ አስፕሪን ሲታከልበትም ይብሳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ጨጓራን የሚጠብቅ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት አብሮ ሊታዘዝ ይገባል።

ሃያ ዓመት በችሎት ተቀምጠን የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ስንጽፍ የኖርን እኛ፣ በቤታችን የጉልበትን አቤቱታ ብቻ ሰምተን ጨጓራን ሳንጠይቅ ቀረን። እናታችን፣ ተመስገን፣ ድነው ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። እኛም ማታ ማታ፣ «ዛሬ ምን ዋጡ? ምንስ በሉ?» ብለን ሳንጠይቅ አንተኛም።