ስለ ተቃጠለ ፊውዝ

ፊውዝ ማለት በትንሽ የመስተዋት ቧንቧ ውስጥ የተዘረጋች እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ናት። ሥራዋም ከልኩ ያለፈ የኤሌክትሪክ ኃይል በመጣ ጊዜ ራስዋ ቀልጣ መንገዱን መዝጋት ነው። ዘበኛ በበር ላይ ሞቶ ቢገኝ ገዳዩ ይፈለጋል እንጂ ሌላ ዘበኛ በስፍራው በማቆም ብቻ ነገሩ አያልቅም። በፊውዝ ነገር ግን ብዙ ሰው እንዲህ አያስብም።

ይህም በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ይታያል። የጊታርን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ አምፕሊፋየር ይባላል። በአሜሪካ ሊዮ ፌንደር፥ በእንግሊዝ ጂም ማርሻል በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ማርሻልም በ1962 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ያወጣው የመጀመሪያው አምፕሊፋየር የፌንደርን ባስማን አብነት አድርጎ የተሠራ ነው። በውስጣቸው ድምፁን የሚያጎሉት እንደ አምፖል የሚግሉ የመስተዋት ቫልቮች ናቸው። በራዲዮና በቴሌቪዥን ቫልቭ በትራንዚስተር ከተተካ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የጊታር ሰዎች ግን ድምፁን ስለሚወዱት እስከ ዛሬ አልተዉትም።

ከነዚህ ተጫዋቾች አንዱ በሠርግ ቤት ሳለ ፊውዙ ይቃጠልበታል። ሌላ ቢያገባ ያም ሁለት ዘፈን ሳይሞላ ይቃጠላል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። በዚህ ጊዜ ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ቀድዶ ፊውዙን ይጠቀልልበታል። መሣሪያውም እንደገና ይጮኻል፤ ባለቤቱም ብልኅ የሆነ ይመስለዋል። ወረቀቱ ግን እንደ ቀጭኗ ሽቦ ፈጥኖ አይበጠስምና በእርስዋ ፈንታ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ ይህም ከመሣሪያው ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው ከሚከብዱት አንዱ ነው። እሳት ቢነሣማ የሚጠፋው የእርሱ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

አስተዋይ ሠራተኛ ግን አስቀድሞ የተቃጠለውን ፊውዝ በብርሃን ፊት ይዞ ይመለከተዋል። መስተዋቱ ጠቁሮ ወይም እንደ ብር ተለብጦ ከሆነ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ወርዶበታል፤ መስተዋቱ ንጹሕ ሆኖ ሽቦዋ ብቻ ተበጥሳ ከሆነ ግን ጥቂት የበዛ ሸክም ቀስ በቀስ አድክሟታል፥ ወይም አርጅታለች። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ከግድግዳው ነቅሎ ቫልቮቹን ሁሉ ያወጣል። ትክክለኛውን ፊውዝ አግብቶ ሲያበራው ያለ ቫልቭ እንኳ ቢቃጠል፥ ጥፋቱ በቫልቮቹ ሳይሆን በትራንስፎርመሩ፥ በውስጥ ሽቦው ወይም በሌላ የውስጥ ዕቃ በኩል ነው። ባይቃጠል ግን በየጊዜው እያጠፋ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ይመልሳቸዋል፤ የትኛው ሲገባ ፊውዙ እንደ ተቃጠለ ያየ ሰው ጥፋቱን ከወዴት እንደሚፈልግ ያውቃል። ብዙ ጊዜም በደለኛ ሆኖ የሚገኘው ከታላላቆቹ የኃይል ቫልቮች አንዱ ነው። ፊውዝ እንዳያልቅበትም የጥንቱን ዓይነት ክር ያለው የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ይቀጥላል፤ አምፖሉ ጥቂት በርቶ ቢደክም ደኅና ነው፥ በሙሉ ብርሃን እንደ በራ ቢቀር ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በውስጡ ተገናኝተዋል።

ሽፋኑን ከፍቶ እጅን ማስገባት ግን የባለሞያ ብቻ ሥራ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ዕቃ ኤሌክትሪኩ ከተነቀለ በኋላ እንኳ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዞ ሊቈይ ይችላልና ሰው ይገድላል። ያልተማረ ሰው ከዚህ ላይ ቢያቆም ከፈሪ አይቈጠርም።

ደግሞም መሣሪያው አንዳች ነውር ሳይኖርበት ፊውዙ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፥ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ነውና ከዚያ የመጣውን ያለ መለወጫ የሰካ ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግ። መሣሪያው ራሱ ወደ 220 የሚዛወር ከሆነ የፊውዙም ቍጥር አብሮ ይለወጣል፤ በ120 ቮልት 2 አምፔር ይበቃው የነበረው በ220 ቮልት 1 አምፔር ይበቃዋል። ልኩ ብዙ ጊዜ በመሣሪያው ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። በፊውዙ ጫፍ ላይ ካለው ፊደል ቲ የሚለው ዘግይቶ የሚቃጠለው፥ ኤፍ የሚለው ፈጥኖ የሚቃጠለው ነው። መሣሪያው ሲበራ ለጥቂት ጊዜ የሚስበውን ብዙ ኃይል ታግሦ የሚያሳልፈው ቲ የሚለው ነውና ገዢው ፊደሉን ሳያነብ ከሱቅ አይውጣ።